ደብተራዋ ብር ስትሠራ

እ.ኤ.አ. በ2021 አሜሪካ ውስጥ አንድ የወጣቶች ልብ ወለድ ወጣ። ርዕሱ «ዊዚን ዚዝ ዊክድ ዎልስ» ይባላል። ጸሐፊዋ ሎረን ብላክውድ ናት፤ ቨርጂኒያ የምትኖር፣ ትውልዷ ከጃማይካ የሆነ አሜሪካዊት። የታሪኩ ባለቤት አንድሮሜዳ የምትባል ወጣት ናት። ሥራዋ ደብተራነት ነው። አዎ፣ ሴት ደብተራ። ቡዳ የያዘውን ቤት ማጽዳት ነው እንጀራዋ።

ታሪኩ የሚካሄደው ኢትዮጵያን አስመስሎ በተሠራ ዓለም ውስጥ ነው። ያስተማራት ሰው የሥራ ፈቃዷን ሳታገኝ ከቤት አባሯታል። ፈቃድ የሌላት ደብተራ ደግሞ ዋስ የሚሆናት ባለጸጋ ካላገኘች ሥራ የላትም። በመጨረሻ የቀጠራት ማግነስ ሮቼስተር የሚባል ወጣት ወራሽ ነው። ቤቱ በረሃ ላይ የቆመ ነው፤ እርግማን አለበት። ከእሷ በፊት የመጡት ደብተራዎች ሁሉ ጥለው ሄደዋል።

«ሮቼስተር» የሚለውን ስም ስታዩ የሆነ ነገር የከነከናችሁ አላችሁ። ልክ ናችሁ። እ.ኤ.አ. በ1847 የታተመው የሻርሎት ብሮንቴ «ጄን ኤር» ነው። ወላጅ የሌላት ልጅ፣ ትልቅ ቤት፣ ምስጢር ያለው ሀብታም ጌታ፣ ሌሊት የሚሰማ ድምፅ። ብላክውድ ያንን ቤት ወስዳ የኛን ደብተራ አስገባችበት።

ሲሰሙት ቀልድ ይመስላል። ግን ዛሬ በፋንታሲ፣ ማለትም አስማትና ጭራቅ ባለበት ልብ ወለድ ዓለም፣ ትልቁ ሥራ ይሄ ነው። ጸሐፊዎች የአንዱን ሕዝብ ተረት ከሌላው ጋር እያዋሐዱ አዲስ ዓለም ይሠራሉ። ክርክሩም የዚያኑ ያህል ደርቷል። አንዱ «የማንም ባህል የማንም ንብረት አይደለም» ይላል። ሌላው «ሰርቀውናል» ይላል። ሁለቱንም ሳዳምጥ አንድ ነገር ይጎድልብኛል። የተወሰደው ምንድን ነው? ስሙ ነው? መልኩ ነው? ወይስ ሕጉ?

ተረት ሕግ አለው። ጭራቅ ማንን ይበላል፣ ማንን ይተዋል? ቡዳ ማን ላይ ዓይኑን ይጥላል? ምን ይመልሰዋል? ጥፋቱስ የማን ነው? ሰው ተረቱን የሚያምነው ወይም የሚፈራው በዚህ ሕግ ምክንያት ነው። ጸሐፊው ስምና መልክ ብቻ ከወሰደ ጌጥ ያገኛል። ሕጉን ጭምር ከወሰደ ግን ከሌላኛው ተረት ሕግ ጋር መጋጨቱ አይቀርም። እኔ እንደማየው ጥሩ ፋንታሲ የሚወለደው ከዚያ ግጭት ነው።

በደብተራዋ ቤት እንየው።

በኛ አገር እምነት የቡዳ ጉዳት የሚመጣው ከውጭ ነው። ቆንጆ ልጅ፣ የሰባ በሬ፣ ሰው ፊት የተበላ ምግብ፣ ዓይን ያረፈበት ሁሉ ይጎዳል። የተበላው ሰው ምንም አላጠፋም። ጥያቄው «ማን በላው?» የሚል ነው። ለዚህ ነው የታመመውን ሰው የሚያጨሱት፤ ይለፈልፋል፣ የበላውን ሰው ስም ይናገራል። ጣት የሚቀሰረው ሁልጊዜ ወደ ጎረቤት ነው።

የብሮንቴ ቤት ሕግ የዚህ ተቃራኒ ነው። ክፉው ነገር ያለው እዚያው ቤት ውስጥ ነው። ጄን ሌሊት የምትሰማው ሳቅ የጋኔን አይደለም። ከላይ ፎቅ ላይ የተቆለፈባት የሮቼስተር ሚስት ናት። ጌታው ሚስቱን ደብቆ ሌላ ሊያገባ ነው። ይህ ዓይነት ታሪክ ጎረቤት አያስጠረጥርም። አንባቢውን ቀስ እያለ ወደ አንድ ጥያቄ ይገፋዋል፤ ባለቤቱ ምን ደበቀ?

እንግዲህ አንድሮሜዳ በሁለቱ ሕጎች መሃል ናት። ደብተራ ስለሆነች ዓይኑን የላከው ማን እንደሆነ መፈለግ አለባት። የብሮንቴ ቤት ሴት ስለሆነች ደግሞ የምትወደውን ሰው መጠርጠር አለባት። እዚያ ቤት የሚታየው እያንዳንዱ ክፉ ምልክት ሁለት ዓይነት ይነበባል። ማግነስ የተበላ ምስኪን ነው ወይስ ምስጢር ያለው ጌታ? ፍቅራቸውም የሚነደው በዚህ ጥርጣሬ ነው። መልሱን እዚህ አልናገርም። ግን ቡዳው ወጥቶ በተራ መንፈስ ቢተካ ይህ ጥርጣሬ ግማሹ ይጠፋ ነበር። ብሮንቴ ወጥታ ተራ የበረሃ ቤት ቢሆን ደግሞ ሌላው ግማሽ ይጠፋል።

አንድ ነገር ልጨምር። ያቺ የተቆለፈችው ሚስት በርታ ሜሰን የመጣችው ከየት ነው? ከጃማይካ፣ ከስፓኒሽ ታውን። ብሮንቴ ንግግር አልሰጠቻትም፤ ትስቃለች፣ ትጮኻለች፣ ቤቱን አቃጥላ ትሞታለች። በካሪቢያን ደሴት የተወለደችው ጂን ሪስ እ.ኤ.አ. በ1966 ለበርታ የራሷን ታሪክ ጽፋላታለች። አሁን ደግሞ ትውልዷ ከጃማይካ የሆነ ሌላ ጸሐፊ እዚያው ቤት ገባች። የብሮንቴ ምስጢር በነበረበት ቦታ የኢትዮጵያን ቡዳ አስቀመጠች። አስባበት ይሁን አይሁን፣ ውጤቱ ቁም ነገር አለው። ጃማይካዊቷ ሴት የቤቱ እርግማን መሆኗ ቀረ።

ለምን ኢትዮጵያ? ለጃማይካ ኢትዮጵያ ተራ አገር አይደለችም። እ.ኤ.አ. ከ1930ው የጃንሆይ ንግሥ በዓል በኋላ የራስ ተፈሪ እምነት የተወለደው እዚያ ነው። ሚያዝያ 13 ቀን 1958 ዓ.ም. ጃንሆይ ኪንግስተን ሲወርዱ ሕዝቡ አውሮፕላኑን እንዴት እንደከበበው የማያውቅ የለም። ሻሸመኔ ላይ የተሰጣቸው መሬትም አለ። ጸሐፊዋ ራስታ ናት ማለቴ አይደለም። ከጃማይካ ወገን የሆነ ሰው ስለ ኢትዮጵያ ሲያልም ግን ከባዶ እንደማይነሳ ለማለት ነው።

አሁን ወደ ብሩ ልምጣ። ከመጽሐፉ ሁሉ በጣም ያስገረመኝ እሱ ነው።

አንድሮሜዳ ቡዳን የምትከላከለው በብር ነው። ብሩን በእሳት ትሠራለች፣ ታጣምማለች፣ ክታብ ታደርገዋለች። አንባቢ አሜሪካዊ ከሆነ «ጎበዝ ባለሙያ» ብሎ ያልፋል። የኛ ሰው ግን ቆም ማለቱ አይቀርም። በኛ ዘንድ ክታብ የሚጻፍ ነው። ደብተራው በብራና ላይ በቀለም ይጽፋል፣ ዓይን ይሥላል፣ ጠልሰም ያደርጋል፤ ክታቡ ተጠቅልሎ በቆዳ ተሰፍቶ አንገት ላይ ይንጠለጠላል። ብረትና ብር የሚሠራውስ ማን ነው? ቀጥቃጩ ነው፣ ባለእጁ። ቡዳ ተብሎ የሚታማውም እሱው ነው።

ይህ ሐሜት ተራ አልነበረም። ቀጥቃጭ፣ ሸክላ ሠሪ፣ ፋቂ፣ ሸማኔ ሁሉ ደርሶበታል። ከሁሉ የባሰው በቤተ እስራኤል ላይ ነው። ወንዶቹ ብረት ይቀጠቅጡ፣ ሴቶቹ ሸክላ ይሠሩ ነበር። ማታ ጅብ ሆነው ይወጣሉ ተባሉ። ማረሻቸውን የሚገዛው ገበሬ ራሱ ይፈራቸው ነበር። ዛሬ እስራኤል ያሉት ሽማግሌዎች ይህን ከመጽሐፍ አንብበው አይደለም የሚያውቁት።

አጤ ምኒልክ በሥራው ሰው የሚሰድበውን በአዋጅ እስከመገሠጽ ደርሰው ነበር። በአዋጁ ላይ ከተዘረዘሩት ስድቦች መካከል ብረት ሠሪውን «ጠይብ»፣ የሚጽፈውን «ጠንቋይ» ማለት ይገኙበታል። ሁለቱ ባለሙያዎች እዚያ አንድ ላይ ቆመዋል። አንዱ በእሳቱ፣ ሌላው በብዕሩ ይፈራል። ሁለቱም ያስፈልጋሉ፤ ሁለቱም ይናቃሉ።

ብላክውድ እነዚህን ሁለት ሰዎች አንድ አደረገቻቸው። የምትከላከለዋ ደብተራና የሚታማው ቀጥቃጭ በአንዲት ልጅ እጅ ተገናኙ። ይህን ከጥናት አምጥታው እንደሆነ ወይም ብር በፈረንጅ ተረት ክፉ መንፈስ ስለሚያባርር ብቻ እንዳደረገችው መጽሐፉ አይነግረንም። ለእኔ ግን የመጽሐፉ ምርጥ ቅልቅል ይሄ ነው። በኛ እምነት ጠላት የሆኑ ሁለት ሙያዎች ታርቀዋል። የበለጠ ብትገፋበት ኖሮ ግሩም ነበር። ደብተራዋን ራሷን «ቡዳ ናት» የሚላት ሰው መጽሐፉ ውስጥ ያስፈልግ ነበር። ብር የምትሠራ፣ አሳዳጊዋ ያባረራት፣ ቤት የሌላት ልጅ! እዚህ አገር ቢሆን ሰፈሩ ሁሉ ያማት ነበር።

የጠፋውም ነገር አለ። ቤተ ክርስቲያኑ ጠፍቷል። የኛ ደብተራ ከሁሉ በፊት ማኅሌት የሚቆም ሰው ነው። ዜማ፣ ቅኔ፣ አቋቋም ተምሯል፤ መቋሚያና ጸናጽል ይዟል። አስማቱ የሚፈራው ከዚያ ትምህርት ጎን ስለሚቆም ነው። ቀን መቅደስ አጠገብ ይዘምራል፣ ማታ ምን እንደሚጽፍ አይታወቅም። ይህ ሁለት ፊት ሲነሳ ደብተራው ፈቃድ ያለው የቤት ሠራተኛ ዓይነት ይሆናል። የእንግሊዝ ቤት አስተማሪ የነበረችው ጄን ሕግ እዚህ ላይ አሸንፏል።

የሚያስቆጨው፣ ለጄን ኤር የሚገጥም ሰው እኛ ዘንድ ነበረ። ቆሎ ተማሪው! ከቤቱ ወጥቶ፣ ለምድ ለብሶ፣ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ በየደጁ የሚለምን፣ ውሻ የሚያባርረው ልጅ። ጄን በልጅነቷ ሎውድ በሚባል ትምህርት ቤት በብርድና በረሃብ እንዳደገችው ማለት ነው። ያ ሕይወት ቢገባበት ኖሮ ሁለቱ ተረቶች ሳይጎተቱ ይገናኙ ነበር።

ከዚህ ሰፋ ያለ ቅልቅል ማየት ለሚፈልግ ማርሎን ጄምስ አለ። እሱም ጃማይካዊ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2015 የቡከር ሽልማት ያገኘው። በ2019 «ብላክ ሌፐርድ፣ ሬድ ዎልፍ» የሚል ትልቅ ፋንታሲ አወጣ። ሐሳቡ የጀመረው በ«ሆቢት» ፊልም ላይ ነጭ ብቻ ለምን ይታያል ብሎ ከጓደኛው ጋር ሲከራከር እንደሆነ ተናግሯል።

ብላክውድ ሁለት ተረት አዋሐደች። ጄምስ አህጉሩን በሙሉ ነው የደባለቀው። ከጋናዎቹ አካኖች ሳሳቦንሳም መጥቷል፤ ዛፍ ላይ ተቀምጦ ሰው የሚጠብቅ የጫካ ፍጥረት ነው። ከደቡብ አፍሪካ የመብረቅ ወፉ መጥቷል። ከማሊ የመሥራቹ ንጉሥ የሱንዲያታ እናት ሶጎሎን ስሟን ሰጥታለች። ወደ ጅብነት የሚቀየሩ ሴቶችም አሉ፤ ይህ እምነት ከቦርኑ እስከ ጎንደር የተዘረጋ ነው። ዋናው ገጸ ባሕርይ ትራከር በአፍንጫው ሰው የሚከታተል አዳኝ ነው። እስር ቤት ሆኖ ለመርማሪው ይናገራል። የሚናገረውም አንድ የጠፋ ልጅ ፍለጋ ስለሄዱ ሰዎች ነው። ልጁ እንደሞተ ገና በመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ይነግረናል።

ይህን ሁሉ ሲያዩ «አፍሪካን አንድ አገር አደረጋት» የሚሉ አሉ። ጋናዊው ሳሳቦንሳም ከዙሉው ወፍ ጋር ምን አገናኘው? ጥያቄው ደህና ጥያቄ ነው። ግን የሚጠየቀው ሰው ከየት እንደመጣ መታየት አለበት። አካኑን፣ ኢግቦውን፣ ኮንጎውን በአንድ መርከብ ጭኖ ጃማይካ ያራገፈው የባሪያ ንግድ ነው። አናንሲ የሚባለው ሸረሪት ከአካን ምድር ሄዶ የጃማይካ ልጆች ተረት የሆነው በዚያ መንገድ ነው። ብራዚል ውስጥ የዮሩባ መናፍስት ከካቶሊክ ቅዱሳን ሥዕል ጀርባ ተደብቀው ኖረዋል። ለጄምስ ቅልቅሉ የልብ ወለድ ዘዴ ብቻ አይደለም። የቀረለት አፍሪካ እሱ ነው።

ደግሞ ሕጉን አልጣለም። የታሪኩ ሞተር ምንድን ነው? የዙፋን ውርስ። በዚያ መንግሥት ድሮ የሚነግሠው የንጉሡ እኅት ልጅ ነበር። ይህ ፈጠራ አይደለም። በ11ኛው ክፍለ ዘመን አል በክሪ የተባለው የአንዳሉስ ሰው ስለ ጥንታዊቷ ጋና ሲጽፍ ልክ ይህንኑ መዝግቧል። ምክንያቱንም ጽፏል፤ ንጉሡ የእኅቱ ልጅ የእኅቱ እንደሆነ አይጠራጠርም፣ የራሱ ልጅ የራሱ መሆኑን ግን እርግጠኛ አይደለም። ብልህ ሕግ ነው። በመጽሐፉ ውስጥ ይህ ሕግ ተሰብሮ ዙፋኑ ወደ ወንድ ልጅ ዞሯል። ሁሉም የሚፈልገው ልጅ የንጉሡ እኅት ልጅ ነው። ስለዚህ አንዱ ሊያነግሠው፣ ሌላው ሊያጠፋው ይሻል።

ያንን ልጅ ይዘው የሚዞሩት ደግሞ ጭራቆቹ ናቸው። በደቡብ አፍሪካ ተረት የመብረቅ ወፉ የጠንቋይ አገልጋይ ነው። ደም ይጠጣል፤ መልከ መልካም ወጣት መስሎም ይታያል። ከእናት ወደ ልጅ በሴት በኩል ይወረሳል። ልብ በሉ፤ የምዕራቡ ዙፋንና የደቡቡ ወፍ ሁለቱም በሴት መስመር የሚሄዱ ውርሶች ናቸው። ጄምስ ሩቅ ለሩቅ ያሉ ሁለት እምነቶችን ያገናኘው እዚህ ላይ ነው። በጭፍን የተለቀመ ነገር እንዲህ አይገጥምም።

ሶጎሎን ላይ ግን በመጀመሪያው መጽሐፍ አልረካሁም። በሱንዲያታ ታሪክ ጎባጣዋ፣ መልከ ጥፉዋ፣ ጎሽ ሴት የሚሏት ናት፤ እግሩ አልሄድ ያለው ልጇ ማሊን የሚያቀና ነው። በጄምስ መጽሐፍ ከሦስት መቶ ዓመት በላይ የኖረች ጠንቋይ ሆና ስትመጣ ስሟ ብቻ የተወሰደ ይመስል ነበር። በ2022 ሁለተኛውን መጽሐፍ ሲያወጣ ያንኑ ታሪክ በእሷ አፍ አስነገረው። ያን ጊዜ ነው ስሙ የከበደው።

አሁን ወደሚከብደው ልምጣ። ትራከር ወደ አንዲት ሳንጎማ ቤት ይሄዳል። ሳንጎማ በደቡብ አፍሪካ የባህል መድኃኒተኛ ናት። ሴትዮዋ ቤቷ ውስጥ የተጣሉ ልጆችን ደብቃ ታሳድጋለች። ልጆቹ «ሚንጊ» ይባላሉ።

ሚንጊ የኛው ነው። የደቡብ ኦሞ። በሐመር፣ በበና፣ በካራ ዘንድ አንዳንድ ሕፃናት እርግማን ያመጣሉ ተብሎ ይታመን ነበር። የላይኛው ጥርሱ ከታችኛው ቀድሞ የበቀለ ልጅ፣ መንትያ፣ ሥርዓቱ ሳይፈጸም የተፀነሰ ልጅ። ዝናብ ይጠፋል፣ ከብት ያልቃል፣ በሽታ ይገባል ተብሎ ይሰጋል። ልጁ ጫካ ይጣላል ወይም ወንዝ ይገባል። ካራዎች እ.ኤ.አ. በ2012 ልማዱን በይፋ አቁመዋል። ያንን ለማስቆም የታገሉት የዚያው ምድር ወጣቶች ናቸው።

ጄምስ ሕጉን ወስዷል። የተረገመ ልጅ ሲጣል የሚያነሳው ማን ነው የሚለውን ጥያቄ የመጽሐፉ ልብ አድርጎታል። ያ ሁሉ ደምና ጭካኔ ባለበት ታሪክ ውስጥ ትራከር ሰው የሚሆነው በእነዚህ ልጆች ምክንያት ነው። ይህን አደንቃለሁ።

ግን ልጆቹን ቀይሯቸዋል። አንዷ ጢስ ናት። አንዱ እግሩ እንደ ቀጭኔ ረጅም ነው። ሌላው እንደ ኳስ እየተንከባለለ ይሄዳል። ያምራል፣ ፋንታሲ ነው። ችግሩ፣ እውነተኛው ሚንጊ ምንም አልነበረውም። ጥርስ ነው። ከሌላው ልጅ በምንም አይለይም። የልማዱ አስፈሪነት ያለው እዚያ ላይ ነው፤ የሚታይ ነገር በሌለበት ሕዝብ ምልክት ማየቱ። ልጁን በእርግጥ ተአምረኛ ስታደርገው ፍርሃቱ ትንሽ ምክንያት ያገኛል። ዓለሙ በአስማት የተሞላ ነው፣ ልጁም የተለየ ነው፣ እንግዲህ ሰዎቹ ቢፈሩ ምን ይገርማል ያሰኛል። ከላይ ጥርስ ያበቀለ አንድ ተራ ልጅ መጽሐፉ ውስጥ ቢኖር ኖሮ ብዬ አስባለሁ። ከጢሷ ልጅ ጎን የተቀመጠ፣ ምንም ተአምር የሌለው።

ከሕያው እምነት መውሰድና ከሞተ እምነት መውሰድ የሚለያዩት እዚህ ነው። የ«ሆቢት» ደራሲ ቶልኪን የድንክዬዎቹን ስም ከጥንት የአይስላንድ ግጥም ገልብጧል፤ ጋንዳልፍ የሚለው ስም ራሱ እዚያው ዝርዝር ውስጥ ነበረ። ከፊንላንዱ የጀግኖች ግጥም ከካሌቫላ ደግሞ የኩሌርቮን መከራ ወስዶ ለራሱ ጀግና ሰጥቷል። በመጀመሪያው ስም ብቻ ነው የወሰደው፣ በሁለተኛው ሕጉን ጭምር። ከእነዚያ ድንክዬዎች ስም የተነሳ ግን ዛሬ የሚጎዳ ሰው የለም። ማንም እናት ልጇን አትደብቅም።

ሕያው ሲሆን መልስ ይመጣል። እ.ኤ.አ. በ2018 «ብላክ ፓንተር» የሚባለው ፊልም ወጣ። የፊልሙ ምናባዊ የአፍሪካ አገር ዋካንዳ ሁሉንም ሰብስባለች፤ የግብፅ ድመት አምላክ፣ የደቡብ አፍሪካው የኮሳ ቋንቋ፣ የሌሶቶ ብርድ ልብስ፣ የዙሉ ቆብ። አንዱ ሽማግሌ አረንጓዴ ሱፍ ለብሶ ከንፈሩ ላይ ሸክላ አድርጓል፤ ሙርሲንና ሱርማን የሚያውቅ ወዲያው ያየዋል። እኛ አየነውና ፈገግ ብለን አለፍን። ተራራው ላይ የሚኖሩት ሰዎች ሃኑማንን ሲያመሰግኑ ግን ነገሩ ሌላ ሆነ። ሃኑማን ዛሬም የሚመለክ የሂንዱ አምላክ ነው። በሕንድ ፊልሙ ሲታይ ሳንሱሩ ያንን ስም ድምፅ አሳጣው። የከንፈር ሸክላው ጌጥ ሆኖ ቀረ፤ ፊልሙ ውስጥ ምንም ሥራ የለውም። የሃኑማን ስም ግን ከነአማኞቹ መጣ።

«ታዲያ የኛን አትንኩ ማለት አለብን ወይ?» ለሚለኝ ሰው መልሴ አጭር ነው። እኛስ የማንን አልነካንም? ደብተራው የሚጽፈውን ክታብ ግለጡ። ቅዱስ ሱስንዮስ ሕፃን ገዳይዋን ውርዝልያን በጦር ይወጋታል። ይህችው ሴት በቢዛንታይን ተረት ጊሎ ተብላ ትታወቃለች፣ ቅዱሱም እዚያ አለ። አጋንንትን የሚያጠምደው የሰሎሞን መረብ ከአይሁድና ከአረብ የአስማት ታሪክ ጋር ዝምድና አለው። በዜና እስክንድር የመቄዶንያው ንጉሥ በሥላሴ የሚያምን ክርስቲያን ሆኗል። ይባስ ብሎ እጨጌ ዕንባቆም በ1553 እ.ኤ.አ. ከአረብኛ ወደ ግዕዝ የመለሱት «ባርላም ወይዋስፍ» አለ። ሽማግሌና በሽተኛ አይቶ ዓለምን የናቀው ያ የሕንድ ልዑል መነሻው ቡድሃ ነው። የኛ መነኮሳት ከአምስት መቶ ዓመት ገደማ በፊት የቡድሃን ሕይወት እንደ ገድል አንብበው አልቅሰዋል።

ልብ አድርጉ፤ በዚያ ጉዞ ሁሉ ልዑሉ ስሙን አጥቷል፣ ሃይማኖቱን ቀይሯል። ያልጣለው ሕጉን ነው። እርጅና፣ በሽታ፣ ሞት ያየ ሰው ቤተ መንግሥት ውስጥ ሊኖር አይችልም። ከሕንድ እስከ ደብረ ሊባኖስ የሚሠራ ሕግ ነው።

በአማርኛም መንገዱ ተጀምሯል። የይስማዕከ ወርቁ «ዴርቶጋዳ» የጣናን ገዳማት ከስለላና ከዘመናዊ ሳይንስ ጋር አገናኝቶ ብዙ ሺህ ወጣት አስነብቧል። ኢታን ኮሚክስ «ጀምበር» እና «ሃዊ» የሚባሉ ኢትዮጵያዊ ጀግኖችን በሥዕል አምጥቷል። ሁለቱም ከውጭ ቅርጽ ወስደው የኛን ይዘት ሞልተውበታል። የቡዳውን ሕግ ከነጉዳቱ፣ ከቀጥቃጩ ወገን ሆኖ የሚጽፍ ሰው ቢመጣ ደግሞ እኔ የመጀመሪያው ገዢ ነኝ።

መጽሐፎቹን ለማንበብ ለምታስቡ ይህን ልበል። የብላክውድ መጽሐፍ ፍቅር ይበዛበታል፣ ቶሎ ያልቃል፣ ለአሥራዎቹ ልጆችም ይሆናል። ውጭ አገር የምታሳድጓት ልጅ ካለች ስጧት፤ አንብባ ስትጨርስ «ደብተራ ማለት እንዲህ ነው?» ብላ መጠየቋ ስለማይቀር መልስ አዘጋጁ። የጄምስ ግን ለልጅ አይሆንም። ጭካኔውና ወሲቡ ከባድ ነው፣ ስሞቹም ብዙ ናቸው። የመጀመሪያዎቹ መቶ ገጾች ያታክታሉ። ሳንጎማዋ ቤት እስክትደርሱ ታገሱ፤ እዚያ ካልያዛችሁ ዝጉት።